ሄንሪ አሮን ስተርን፦ ለወራት የመጣው ሚስዮናዊና የጉዞው ዳፋ



የዛሬው የታሪክ ጽሑፋችን ስለ አንድ እንግዳ ነው። ይህ ሰው በ1860 ወደ ጎንደርና ደምቢያ መጥቶ ለጥቂት ወራት በመንደሮቻችን ዞረ፤ ከዚያም ወደ አገሩ ተመለሰ። አጭር ጉዞ ነበር። ዳፋው ግን በቤተ እስራኤል ላይም፣ በራሱ በእንግዳው ላይም ለረጅም ዘመን ቆየ። ብዙዎቻችሁ ስለ ሚስዮኖች ዘመን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ነገር ይኖራል። ሰውየው ማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣና መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን በሰፊው አልተነገረም። ስሙ ሄንሪ አሮን ስተርን ይባላል። እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአይሁድ ልጅ

ስተርን በ1820 በጀርመን አገር በሄሰን ግዛት ኡንተርራይኸንባኽ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱም እናቱም አይሁዶች ነበሩ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ብዙ አይሁዶች ወደሚኖሩባት ወደ ፍራንክፈርት ከተማ ተዛወረ፤ እሱም እዚያ አደገ፣ ተማረ። ወላጆቹ ሐኪም እንዲሆንላቸው ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ልቡ ወደ ንግድ አዘነበለና ገና በወጣትነቱ ወደ ሐምቡርግ፣ ቀጥሎም በ1839 ወደ ለንደን ሄደ።

ለንደን ሲደርስ ሊሠራበት የነበረው የንግድ ቤት ከስሮ ጠበቀው። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ሥራ የሌለው የ19 ዓመት ወጣት ሆነ። ሰው ከቤቱ ርቆ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሰማው ስደትን ለምናውቅ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። በዚያ ጊዜ በለንደን አይሁዶችን ወደ ክርስትና ለማምጣት የተቋቋመ አንድ ትልቅ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ የጸሎት ቤት፣ ትምህርት ቤትና ለተጠመቁ አይሁዶች የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ነበረው። ስተርን ወደዚያ ስብከት መሄድ ጀመረ፤ በ1840 ተጠመቀ። ማኅበሩም በእጅ ሥራ ማስተማሪያው ተቀበለው፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሚስዮናውያን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አስገባው።

ማኅበሩ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን የሚፈልግበት ምክንያት ነበረው። ዕብራይስጥ የሚያነብ፣ ኦሪትን ከልጅነቱ የተማረ፣ የአይሁድን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው አይሁዶችን ለመስበክ ከማንም ይበልጥ ይመቻል ብሎ ያምን ነበር። ስተርንም የተላከው ለዚህ ነው።

ከኢየሩሳሌም እስከ የመን

በ1844 ስተርን ወደ ባግዳድ እንዲሄድ ተመደበ። ሲጓዝ በኢየሩሳሌም አለፈ፤ የዲቁና ማዕረግ የተቀበለውም እዚያው ነው። ማዕረጉን የሰጠው ሚካኤል ሰሎሞን አሌክሳንደር ሲሆን፣ እሱም ራሱ በአይሁድ ሃይማኖት መምህር የነበረና በኋላ ተጠምቆ በኢየሩሳሌም የመጀመሪያው የአንግሊካን ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። ይህ ማኅበር ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በ1849 ተመርቆ ዛሬም በያፎ በር አጠገብ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ቆሞ ይገኛል። ወደ ኮተል ስትወርዱ በበሩ ያለፋችሁ ብዙ ናችሁ።

በባግዳድ ስተርን ከአይሁዶች ጠንካራ ተቃውሞ ገጠመው። ረቢዎቹ ሕዝባቸው ከሚስዮናውያኑ ጋር እንዳይገናኝ ከለከሉ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በፋርስ ከተሞችም እየዞረ ሰበከ። በ1853 ወደ ቁስጥንጥንያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኢስታንቡል ተዛወረ። በ1856 ደግሞ ወደ የመን ተሻግሮ እስከ ሰንዓ ድረስ በመሄድ የየመንን አይሁዶች ጎበኘ። ያ መንገድ ለባዕድ ሰው አደገኛ ነበር።

ከእነዚህ ዓመታት የሰውየውን ጠባይ ማወቅ ይቻላል። ደፋር ነው፤ ድካም አይበግረውም፤ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል። በአንድ ቦታ ረግቶ ከመቀመጥ ይልቅ መዞር ይወድ ነበር። ይመጣል፣ ይሰብካል፣ መጽሐፍ ያድላል፣ ይሄዳል። በየመንደሩ ከእሱ በኋላ የሚሆነውን የሚያየው እዚያው የሚቀረው ሕዝብ ነበር።

በአጼ ቴዎድሮስ ፊት

ማኅበሩ በኢትዮጵያ አይሁዶች እንዳሉ ከሌሎች ሚስዮናውያን ሰምቶ ነበር። ዮሐን ማርቲን ፍላድ የሚባል ጀርመናዊ ከ1855 ጀምሮ አገሩን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ስተርን ሄዶ እንዲያይ ታዘዘ፤ በ1860 ኢትዮጵያ ደረሰ።

በዚያ ዘመን ዘውዱ የአጼ ቴዎድሮስ ነበር። ንጉሡ ከፈረንጅ የሚፈልጉት ስብከት ሳይሆን የእጅ ጥበብ ነበር። ጋፋት ላይ የሰፈሩት ጀርመኖችና ስዊሶች ወንጌል ለመስበክ የመጡ ቢሆኑም በመጨረሻ መድፍ እስከ መሥራት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ክርስቲያኑን ሕዝብ መስበክ አይፈቀድም ነበር። ስተርን ግን የመጣው ለቤተ እስራኤል መሆኑን ስላስረዳ ንጉሡም፣ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም ፈቀዱለት። አቡነ ሰላማ በትውልድ ግብጻዊ ሲሆኑ በልጅነታቸው ካይሮ ውስጥ በእንግሊዝ ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው።

ፈቃዱ አንድ ብርቱ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የሚጠመቅ ሰው ቢገኝ መጠመቅ ያለበት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በሚስዮኑ አልነበረም። ስለዚህ ሰባኪው የእንግሊዝ ሃይማኖት ይሰብካል፤ ያመነው ሰው ግን የሚገባው ወደ ጎረቤቱ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው። የወገኑን ቤት ትቶ የወጣ ሰው አስተማሪው እንግሊዝ፣ አጥማቂው ኦርቶዶክስ ሆኖ በሁለቱ መካከል ይቀር ነበር።

በመንደሮቻችን

ስተርን በጎንደር ዙሪያና በደምቢያ ባሉ የቤተ እስራኤል መንደሮች ዞረ። የአትንኩኝን ሕግ የምታውቁ አባቶችና እናቶች ሁኔታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ታዩታላችሁ። ባዕድ ሰው ከቤት አይገባም፤ የነካው ሰው ሳይታጠብ ከቤቱ አይገባም። ስለዚህ ንግግሩ የሚደረገው በደጅና በሜዳ፣ በሰው ፊት ነበር።

የያዘው ትልቁ መሣሪያ መጽሐፍ ነበር። አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ወደ አማርኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 በለንደን ተሟልቶ ታትሞ ነበር። በቤተ እስራኤል ዘንድ ኦሪት የሚነበበው በግዕዝ ነው፤ የሚያነቡትም ቄሶች፣ መነኮሳትና ደብተሮች ናቸው። አሁን ግን ቅዱስ መጽሐፍ ሕዝቡ በየቀኑ በሚናገርበት ቋንቋ በእጅ ተያዘ። ፊደል ለሚያውቅ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ኦሪቱን ለመስማት ሌላ ሰው መጠበቅ ቀረለት። ወደ ሚስዮኑ ከቀረቡት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሳባቸው ሃይማኖቱ ሳይሆን ንባቡ ነበር ብል ስሕተት አይመስለኝም።

ቄሶቹና መነኮሳቱ ዝም አላሉም። ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ሰንበት፣ ስለ መሲሕ ከእንግዳው ጋር ተከራከሩ። ስተርን የአይሁድን ክርክር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የገጠመው ግን የማያውቀው ዓይነት አይሁድነት ነበር። እነዚህ ሰዎች ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ታልሙድን አያውቁም፤ መሥዋዕት ግን እንደ ኦሪቱ ያቀርባሉ፤ ሰንበትን በጥብቅ ይጠብቃሉ። ሌሎቹን አይሁዶች የማረከበት ክርክር ሁሉ እዚህ አልሠራለትም።

ስተርን ሥራውን ለፍላድ ትቶ ተመለሰ። የሚስዮኑ ጣቢያ በደምቢያ በጀንዳ ተቋቋመ። እሱም ለንደን ገብቶ በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሚጠራን እኛ በማንወደው ፈላሻ በሚለው ስም ነው። በአውሮፓ ብዙ አንባቢ አገኘ።

ከጉዞው በኋላ የሆነው

መጽሐፉ በለንደን ሲነበብ በደምቢያ ቤቶች እየተከፈሉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠመቁት ሰዎች ቁጥር ብዙ አልነበረም። ነገር ግን በእኛ ሥርዓት አንድ ልጅ ሲጠመቅ አብሮ መብላት ይቀራል፤ እናቱ ቤት መግባት ይቀራል፤ አብሮ መቀበርም ይቀራል። አንድ ሰው ሄደ ማለት አንድ ቤተሰብ ተከፈለ ማለት ነው። ክርክሩ እየጋለ ሄዶ በ1862 ከአጼ ቴዎድሮስ ፊት ደረሰ። የቤተ እስራኤል መነኮሳት በንጉሡ ችሎት ቆመው ስለ እምነታቸው ተሟገቱ።

በዚያው በ1862 አባ ማሃሪ ሕዝቡን አስነስተው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ሰዎች እርሻቸውንና ቤታቸውን ትተው፣ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ተጓዙ። ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። ከሞት የተረፉት ከፊሉ እዚያው ቀረ፤ ከፊሉ ተመለሰ። ለዚህ ጉዞ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የዘመኑ ጦርነት አለ፤ የመዳን ተስፋ አለ። የሚስዮኑ ግፊት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ኢየሩሳሌም ሳይደርሱ በመንገድ የቀሩት እነዚያ ሰዎች የእኛ ቅድመ አያቶች ናቸው።

በሰንሰለት

ስተርን በ1863 እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አሁን ሮዘንታል የሚባል ሚስዮናዊ አብሮት ነበር። ነገር ግን ያገኛቸው ቴዎድሮስ በ1860 የተቀበሉት ቴዎድሮስ አልነበሩም። ንጉሡ በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው መልስ አጥተዋል። በአገር ውስጥ ዓመፅ በዝቶባቸዋል፤ ከአቡነ ሰላማ ጋርም ተቃቅረዋል። ስተርን ደግሞ የአቡነ ሰላማ ወዳጅ ነበር።

በጥቅምት 1863 ስተርን ከአገር ለመውጣት ተነሥቶ ሳለ በመንገዱ ላይ የንጉሡን ሰፈር አየ። ሳይሰናበቱ ማለፍ ነውር ስለሆነ ሊሰናበት ገባ። ሰዓቱ ክፉ ነበር። ንጉሡ ተቆጥተው ከእሱ ጋር የነበሩት ሁለት አገልጋዮች እስኪሞቱ እንዲደበደቡ አዘዙ። ስተርን በድንጋጤ ጣቱን ነከሰ። በአገራችን ጣት መንከስ እበቀልሃለሁ ማለት እንደሆነ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። እሱም ወዲያው ተደበደበና ታሰረ።

ቀጥሎ ዕቃው ሲፈተሽ የጻፋቸው ጽሑፎች ተገኙ። ንጉሡ ከሰሎሞን ዘር ነኝ ሲሉ ስተርን ግን እናታቸው ድሃ ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ ጽፎ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። ስተርን ያን የጻፈው ለንደን ላለ አንባቢ ነው፤ ደምቢያ ላይ ይነበባል ብሎ አላሰበም። ተነበበ፤ ለፍርድ ቀረበ። ሮዘንታልም ታሰረ። በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንም ታሰረ። ከዚያም እስረኞቹ ወደ መቅደላ አምባ ተወሰዱ።

በመቅደላ እጅና እግር በሰንሰለት ነው። ሚስቱና ልጆቹ ለንደን ቀርተዋል። በ1866 ሆርሙዝ ራሳም የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ መጥቶ እስረኞቹ ተፈቱ ሲባል፣ ንጉሡ ሐሳባቸውን ለወጡና ራሳምም ጭምር ታሰረ። ፍላድም በንጉሡ ትእዛዝ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን በመያዣነት ቀሩ። እሱም ቃሉን ጠብቆ ተመልሶ መጣ።

በመጨረሻ እንግሊዝ ጄኔራል ናፒየርን ከህንድ ወደ 13 ሺህ ከሚጠጋ ወታደርና ከ44 ዝሆኖች ጋር ላከች። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ በማግሥቱ እስረኞቹ ተለቀቁ። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ አጼ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ስተርን ከአራት ዓመት ተኩል እስር በኋላ ነጻ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን አላየም። ስለ እስሩ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ ቀሪ ዘመኑንም በለንደን አይሁዶችን በመስበክ አሳለፈ። በ1885 ዓ.ም. በግንቦት ወር በ65 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

እሱ ያላሰበው ፍሬ

የስተርን መጽሐፍ የታተመው ለሚስዮኑ ድጋፍ ለማግኘት ነበር። ነገር ግን አይሁዶችም አነበቡት። በሩቅ አገር ወንድሞች እንዳሉን፣ እነሱንም ሚስዮን እየወሰዳቸው እንደሆነ ማወቅ ብዙዎችን አስጨነቀ። በ1864 ረቢ ዓዝሪኤል ሂልደስሃይመር የዓለም አይሁዶች ለቤተ እስራኤል እንዲደርሱ ጥሪ አቀረቡ። ስተርን ገና በእስር ሳለ፣ በፓሪስ ያለው አልያንስ የተባለው የአይሁድ ድርጅት ጆሴፍ ሃሌቪን ወደ ኢትዮጵያ ላከ።

ሃሌቪ በ1867 ወደ ቤተ እስራኤል ሲመጣ ማመን አቃታቸው። ነጭ ሆኖ አይሁድ ነኝ የሚል ሰው ከዚህ በፊት አይተዋል፤ ሚስዮናዊ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህም አንዱ ነው ብለው ጠረጠሩት። ልባቸው የከፈተው የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሳ ነው። የሃሌቪ ተማሪ የሆነው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጣ፤ በ1923 በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከመካከላችሁ በዚያ ትምህርት ቤት ከተማሩ መምህራን ፊደል የቆጠራችሁ ትኖራላችሁ። ይህ ሁሉ ሰንሰለት ሲጎተት አንዱ ጫፍ በስተርን መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ሚስዮኑም አልቆመም። የውጭ አገር ሚስዮናውያን በአገር ውስጥ እንዳይኖሩ ቢከለከሉም፣ ፍላድ ከሩቅ ሆኖ እንደ ሚካኤል አረጋዊ ባሉ ኢትዮጵያውያን አማካይነት ሥራውን አስቀጠለ። ከ1888 እስከ 1892 በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ሰው ሲራብ ብዙዎች ለነፍሳቸው ሲሉ ከክርስቲያኑ ተቀላቀሉ። እነዚህ ሁሉ በስተርን እጅ የሄዱ አይደሉም፤ መሬት ፍለጋ፣ ረኃብና ፍርሃትም ወስዷቸዋል። ዛሬ ግን አንዱ ወንድም እዚህ፣ አንዱ ጎንደር ሆኖ ለዓመታት በሚጠብቅበት ቤተሰብ ውስጥ ያኔ የተከፈለው ቤት ሳይገጠም እንደቀረ እናያለን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ስለዚህ ሰው ምን እንበል? ጀግንነቱን መካድ አይገባም፤ ላመነበት ነገር አራት ዓመት ተኩል በሰንሰለት ቆይቷል። ክፋት ይዞ መጣ ማለትም ይከብዳል፤ የሚጠቅመን መስሎት ነው የመጣው። ነገር ግን ሕዝብን በወራት ጉብኝት አውቄዋለሁ ብሎ፣ የሚበጀውን ወስኖለት፣ መልሱን ሳያይ መሄድ ጥፋት ነው። ለሃይማኖትም ይሁን ለእርዳታ፣ በማንም ስም ይምጣ፣ ዛሬም ለአጭር ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው እኔ ስሄድ እዚህ የሚቀረው ሰው ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ሌላው ነገር ይህ ነው። በ1860 በደምቢያ ሜዳ ስለተደረገው ክርክር ዛሬ በብዛት የሚነበበው የእንግዳው መጽሐፍ ነው። የቄሶቹ መልስ የሚገኘው እሱ በጻፈው መንገድ ነው። የእኛ ወገን ታሪክ የቀረው በአፍ ነው፤ በአያት፣ በእናት፣ በእናንተ አፍ። ስለ አባ ማሃሪ ጉዞ፣ ስለ ሚስዮኖቹ፣ ስለ ተከፈሉ ቤተሰቦች ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት ካለ፣ ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው ድምፃችሁን ይቅረጹ። የመንደሩን ስም፣ የሰዎቹን ስም፣ የሰማችሁበትን ሰው ስም ጨምሩበት። ወደ ጣቢያችን ደውላችሁ ለመናገር የምትፈልጉም በራችን ክፍት ነው። ታሪኩን የነገራችሁን ሰው ስም ጠርተን፣ በራሳችሁ ድምፅ እናሰማዋለን።